መኪናው ያርጅ፣ ፍሬኑ ግን አያርጅ

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚጓዝ መኪና የመንገዱን እኩሌታ ጨርሶ ከነቀምቴ ሲወጣ ወደ ደዴሳ ሸለቆ መውረድ ይጀምራል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,500 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 35 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩና ነፋሱ የሚወስዱት ድርሻ ሲቀነስ የቀረው ሙቀት በሙሉ የሚያርፈው በጎማዎቹ ውስጥ ባሉ ጥቂት ኪሎ ብረትና ጥቂት ሚሊ ሜትር የፍሬን ሸራ ላይ ነው። በአዲስ አበባና በደብረ ዘይት መካከል ባለው ገር መንገድ ለዓመታት ያለ ኮሽታ የሠራ መኪና እዚህ ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ ቢለው አዲስ ነገር ተፈጠረ ማለት አይደለም። ሜዳው ሸፍኖለት የኖረውን ድካም ቁልቁለቱ አወጣበት።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ መኪኖቿ ባረጁባት፣ መንገዶቿ ተራራና ሸለቆ በሚያቋርጡባት አገር የፍሬን ብልሽት ከምን ይመጣል፣ እንዴትስ ይቀነሳል? እስካሁን የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። አንዱ ወገን ጥፋቱን በሾፌሩ ላይ፣ ሁለተኛው በመኪናው እርጅና ላይ፣ ሦስተኛው በመንገዱ ላይ ያደርጋል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም የመኪና ዕድሜና የፍሬን ዕድሜ አንድ አለመሆናቸውን ይዘነጋሉ። አካሉ 40 ዓመት የሞላው መኪና የሁለት ወር ፍሬን ሊኖረው ይችላል። የስምንት ዓመቱ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ይዞ ሊዞር ይችላል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈራው የኋለኛው ነው።

አሮጌ መኪኖች ለምን በዙ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ዲኤክስ ኮሮላዎች ዛሬም በመንገዶቻችን ላይ ይሠራሉ። ላዳ ታክሲዎች አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት አመላልሰዋል። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪናም በትውልዶች ሾፌሮች እጅ አልፏል። ይህ የሆነው ሰው አሮጌ ነገር ስለሚወድ አይደለም። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደራርበው አዲስ መኪናን ከደመወዝተኛው አቅም በላይ ስላደረጉት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ 80 በመቶው የገቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ነው። በኔዘርላንድ ወደቦች በተደረገ ፍተሻም ወደ አፍሪካ ሊላኩ ከነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ የጸና የብቃት ማረጋገጫ አልነበራቸውም።

የእኛ መንግሥት የሰጠው መልስ በር መዝጋት ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የሚነኩት ግን ገና የሚገባውን መኪና ነው። ቀድሞ የገባው ዋጋው ይወደዳል፣ ባለቤቱም አጥብቆ ይይዘዋል፣ ዕድሜውም በየዓመቱ ይጨምራል። አዲስ አበባ ሲሰለቸው ወደ ክልል ከተሞች ይሸጣል። በዚህም የተነሳ ብዙ ጊዜ እጅግ ያረጀው መኪና የሚሠራው ቁልቁለቱ በበዛበት፣ ጋራዡና መለዋወጫው ደግሞ በራቀበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አሶሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ከዕድሜ በተጨማሪ መኪናው የመጣበት መንገድም ይታይ። ወደ አገራችን ከገቡት ቪትዞች መካከል መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አሉ። መሪ ሲዛወር የፍሬን ፔዳልና ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይነካል። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ፋብሪካው ያላሰበው ደካማ ቦታ በፍሬኑ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ከቀለሙና ከመቀመጫው በፊት ይህን ማስፈተሽ አለበት።

ፍሬን እንዴት ይደክማል

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደር ዘይቱን በቧንቧ ይገፋል፤ ዘይቱም በየጎማው ያለውን ፒስተን ገፍቶ ሸራውን ከታምቡሩ፣ ፓዱን ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። ይህ የሚሠራው ዘይት ስለማይታመቅ ነው። በመስመሩ ውስጥ አየር ወይም እንፋሎት ከገባ የሾፌሩ ጉልበት እሱን በማመቅ ያልቃል፤ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ሲብስም ወለሉ ድረስ ይወርዳል።

እንፋሎቱ የሚመጣው ከውሃ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ክረምቱ ረጅምና እርጥብ በሆነበት በአሶሳ አካባቢ ይህን ምክር ቸል ማለት ይበልጥ ያስከፍላል። አሮጌ ዘይት በከተማ ውስጥ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፓዱ ሲግል ግን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ሾፌሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢሞክረው እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ፍሬኑ ሊይዝ ይችላል። ብዙ ሰው «ደህና ነው፣ አሁን ያዘ» ብሎ ጉዞውን የሚቀጥለው በዚህ ተታሎ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ራሱ ሙቀት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ዲስክ ሲሰፋ ወደ ፓዱ ስለሚጠጋና አየር ስለሚያገኘው ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ዲኤክስ ኮሮላን የመሰሉ መኪኖች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላቸው። በአሶሳ ከተማ ውስጥ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ደግሞ በሦስቱም ጎማ ታምቡር ነው፤ ከተሠራበት የከተማ ሥራ ወጥቶ ከመጠን በላይ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ አቅሙ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው የላስቲክ እርጅና ነው። በማስተር ሲሊንደሩና በየጎማው ያሉት የላስቲክ ማኅተሞች፣ እንዲሁም ተጣጣፊዎቹ ጎማ ቧንቧዎች መኪናው ቆሞ እንኳ ያረጃሉ። ቧንቧው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሲያብጥ ዘይቱ ሄዶ አይመለስም። ያኔ አንዱ ጎማ ተይዞ ይቀራል፤ መኪናው ወደ ጎን ይጎትታል፣ የተያዘው ጎማም ይግላል።

አራተኛው ለደጋ አገር ሰው በተለይ የሚነገር ነው። የፔዳሉን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል፤ እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ለጥቂት ርግጫ የሚበቃ ብቻ ይቀራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን ጉተታ በገዛ እጁ ይጥላል፤ ሞተሩን ያጠፋ ደግሞ የሰርቮውንም እገዛ አብሮ ያጣል።

ሰው ሠራሽ መከላከያዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መኪኖች በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ የዘይት መስመሮች አላቸው፤ አንዱ ሲፈስ ሌላው በከፊል ይይዛል። የጥንቶቹ ቮልሶች ግን አንድ መስመር ብቻ ነበራቸው፤ እሱ ከፈሰሰ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው። የከባድ መኪኖች ፍሬኖች ደግሞ የሚሠሩት በታመቀ አየር ነው። እነሱም የራሳቸው ድክመት አላቸው፤ ታምቡሩ ሲሰፋ የፍሬኑ ገፊ ዘንግ የሚጓዘው ርቀት ይረዝማል፣ አስቀድሞ በወጉ ካልተስተካከለም ሸራው ታምቡሩን ሳይጫን ይቀራል። በተከታታይ መርገጥም የታመቀውን አየር ይጨርሳል። የቤኒሻንጉልን እብነ በረድ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚመጣ ከባድ መኪና ከጊምቢ በኩል ወደ ደዴሳ የሚወርደው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ ነውና ይህ ለእሱ የየጉዞው ጉዳይ ነው። የዓባይን በረሃ ያየን እንደሆነ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 15 ሊትር ናፍጣ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይስተካከላል።

ጋራዡና ገበያው

የፍሬን ክፍሎች በሙሉ የሚቀየሩ ናቸው። ችግሩ የሚቀየሩበት መንገድ ነው። ታምቡር ሲቦረቦር ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይላጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ታምቡር ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ስፋት፣ ዲስክም የመጨረሻ ቅጥነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ልኩ በብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከልኩ ያለፈ ታምቡር ሙቀት አይችልም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ይህን ልክ ሳይለካ የሚላጥ ታምቡር ለባለቤቱ የተጠገነ ይመስለዋል እንጂ ዕድሜው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፉ ልማዶችም አሉ። የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት መጨመር ማኅተሞቹን አሳብጦ መላውን መስመር ያበላሻል፤ አንዴ ከተደረገ ላስቲኮቹን በሙሉ መቀየር ግድ ይላል። አንዱ ጎማ ዘይት ሲያፈስ ቧንቧውን ቀጥቅጦ መዝጋትና በቀሩት መንዳት ደግሞ ሚዛኑ የተዛባ መኪና ይሠራል፤ በዝናብ ቀን ጠንከር ተደርጎ ሲያዝ መኪናው ይሽከረከራል። ዘይት ጎድሎ ሲሞላ የት እንደሄደ አለመጠየቅም ያው ነው። የፍሬን ዘይት በሥራ ላይ እየተቃጠለ አያልቅም። የጎደለው ሸራው ወይም ፓዱ ስለሳሳ ነው፤ አለዚያ እየፈሰሰ ነው።

የመለዋወጫው ገበያ ማዕከል መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። አሶሳ ያለ መካኒክ የሚፈልገውን ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ አስጭኖ ይጠብቃል። እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ የቆመ ታክሲ ደግሞ ለቤተሰብ የሚገባ ገቢ የለውም። ባለቤቱ ርካሹን ኮፒ የሚመርጠው ወይም «ለጊዜው ይሥራ» የሚለው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ነው። ኮፒ ፓድ በቀዝቃዛው ሊይዝ ይችላል፤ የሚለየው ሲግል ነው። ገዢ በዓይኑ አይቶ ሊለየው ስለማይችል ጥራቱን መቆጣጠር የመንግሥት ሥራ እንጂ የገዢው ዕጣ መሆን የለበትም።

ስለ ጋራዥ ሲነሳ የመካኒኮቹም ጤና አይረሳ። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕረሰር ማቡነን ለሠራተኛውም ለአላፊውም አደጋ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

ጥፋቱ የማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከዚህ ውስጥ የፍሬን ድርሻ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ጥናቶች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ራሱ ያስተምራል።

የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ባደረገው ጥናት ከአደጋው በፊት የነበረው የመጨረሻ ምክንያት በ94 በመቶው ሾፌሩ፣ በ2 በመቶው ተሽከርካሪው ሆኖ ተመዝግቧል። በተሽከርካሪው ከተመዘገቡት ውስጥ ጎማ 35 በመቶ፣ ፍሬን 22 በመቶ ይይዛሉ። ይህን ያነበበ ሰው ፍሬን ትንሽ ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። በዚያው አገር ቀደም ሲል በከባድ መኪኖች አደጋ ላይ የተደረገ ጥናት ግን በአደጋው ውስጥ ከነበሩት ከባድ መኪኖች 29 በመቶ ያህሉ የፍሬን ችግር እንደነበረባቸው አግኝቷል። በኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረገውና መኪኖቹን በባለሙያ ያስመረመረው ጥናትም ለ12 በመቶ ያህሉ አደጋ የተሽከርካሪ ጉድለት ምክንያት ወይም አጋዥ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል፤ ከጉድለቶቹም ፍሬን ጎልቶ ወጥቷል።

ጥናቶቹ አይጋጩም። የመጀመሪያው የመጨረሻዋን ቅጽበት ይጠይቃል፤ ሌሎቹ መኪናው ምን ይዞ መንገድ እንደወጣ ይጠይቃሉ። ሾፌሩ በፍጥነት ወረደ፤ እውነት ነው። ፍሬኑ ጤነኛ ቢሆን ግን ያ ፍጥነት ባላጠፋው ነበር። አደጋ ሲደርስ የፍሬኑ ክፍሎች ተፈትተው ካልታዩ ቅጹ ላይ የሚቀረው «የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት» ብቻ ነው፤ እውነተኛውን ምክንያት ሳናውቅ ለሚቀጥለው አደጋ እንዘጋጃለን ማለት ነው።

ዓመታዊው ምርመራ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ብቃቱ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ቦሎ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። መርሁ ትክክል ነው፤ የሌላው ዓለም ልምድም ይደግፈዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1960 አስገዳጅ ምርመራ ስትጀምር ያስመረመረችው አሥር ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ሲሆን የሚታዩትም ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበሩ። በ1967 ምርመራው ሦስት ዓመት ወደሞላቸው መኪኖች ወርዷል። በአሮጌ መኪና ፍሬን ተጀምሮ ሌላውን አዳረሰ።

ሆኖም የምርመራውን ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። በደንብ የተመረመረ መኪና ሮለር ላይ ቆሞ የየጎማው የመያዝ ኃይልና የግራ ቀኙ ልዩነት ይለካል። ይህ ያልተስተካከለ ፍሬንን በሚገባ ያጋልጣል። ነገር ግን መኪናው የሚለካው ባዶውን፣ ቀዝቅዞ፣ በሜዳ ላይ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ነው። የሚከዳው ደግሞ ጭኖ፣ ግሎ፣ በቁልቁለት ላይ ነው። ውሃ የጠጣ ዘይት ሮለሩን ሊያልፍ ይችላል። የዘይቱን መፍያ ወይም የእርጥበት መጠን የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ለዓመታዊው ምርመራ ቢጨመር ሮለሩ የማያየውን ያሳያል።

ቁልቁለቱ ላይ

ከሁሉ የሚቀድመው ምልክትን መስማት ነው። ፔዳል ሲረዝም ወይም ሲለሰልስ፣ ሲያዝ የብረት ድምፅ ሲያሰማ፣ መኪና ወደ አንድ ጎን ሲጎትት፣ የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ፣ በጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥበት ሲታይ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ ቀዩ መብራት ሳይጠፋ ሲቀር፤ እነዚህ ሁሉ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መፍትሔ የሚፈልጉ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አወራረድ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ይገባል፤ ዳገቱ በወጣበት ማርሽ ይወረዳል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ተጭኖ መውረድ ያቃጥለዋል። በአሜሪካ ለከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሰጠው ትምህርት ፍጥነቱ ከተመረጠው ልክ ሲደርስ ጠንከር አድርጎ ይዞ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ማውረድ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ መልቀቅ የሚል ነው። በመልቀቂያው ጊዜ ፍሬኑ ይተነፍሳል። አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖች ጭሱን አፍኖ ሞተሩን የሚገታ ፍሬን አላቸው፤ ተበላሽቶ የተተወ ከሆነ መጠገኑ ሸራ ከመቀየር እኩል መታየት አለበት።

ፍሬኑ እንቢ ካለ ፔዳሉን ደጋግሞ በፍጥነት መርገጥ፤ በዘይት ለሚሠራ ፍሬን ይህ የቀረውን ግፊት ሊሰበስብ ይችላል። ማርሽ በየደረጃው መቀነስ፤ አንዴ ዜሮ ከሆነ በፍጥነት ላይ እያለ መልሶ ማስገባት ከባድ ነውና መጠንቀቅ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኖ ቀስ በቀስ መሳብ፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ የኋላ ጎማዎች ተይዘው መኪናው ሊዞር ይችላል። ሞተር አለማጥፋት፣ ቁልፍ አለመንቀል፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ጥሩምባና መብራት ማሰማትና ማሳየት። ከዚያም ዳገት፣ ለስላሳ አፈር ወይም ቁጥቋጦ መፈለግ፤ ካልተገኘ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል እየታከኩ ፍጥነቱን መግደል። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ታኮ ያስገባል። ሾፌሩ ይህን ቀድሞ በሜዳ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ካልተለማመደው በጭንቅ ሰዓት አያስታውሰውም፤ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ውስጥ በተግባር መግባት ያለበትም ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ

የተዳሰሰው ሁሉ የሚያመለክተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ፖሊሲያችን የመኪናውን ዕድሜ ሲቆጣጠር ቆይቷል፣ አሁን የፍሬኑን ዕድሜ ይቆጣጠር። የፍሬን ዘይት፣ የላስቲክ ማኅተም፣ የሸራና የፓድ ቀረጥ ቀንሶ ጥራታቸውን ወደብ ላይ መፈተሽ አሮጌ መኪናን ከመከልከል የፈጠነ ውጤት ይሰጣል። እያንዳንዱ መኪና ዘይቱ፣ ሸራውና ቧንቧው የተቀየረበት ቀን በጋራዡ ማኅተም የሚመዘገብበት ደብተር ይኑረው፤ መርማሪውም ይጠይቀው። በጎሃ ጽዮን፣ በነቀምቴ፣ በጣርማ በርና በመሳሰሉት የቁልቁለት አፎች ከባድ መኪኖች ቆመው ፍሬናቸውን የሚያዩበት ሥፍራ ይዘጋጅ፤ ከታች ደግሞ ፍሬን ያጣ መኪና የሚገባበት የአሸዋ ማምለጫ ይሠራ። ከባድ አደጋ ሲደርስ የመኪናው ፍሬን በባለሙያ ተፈትቶ ይታይ፣ ውጤቱም ይመዝገብ። በአሶሳና በሌሎች የክልል ከተሞች ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ፍሬንን እንደ ራሱ የቻለ ሙያ ያስተምሩ።

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣትም ከዚህ አያድነንም። ሲዘገይ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ፓዱ ብዙ ይቆያል፤ ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመረ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ተለመደው ፍሬን ይዞራል። የእሱም ዘይት ያረጃል።

አሮጌ መኪና መንዳት ለብዙ ኢትዮጵያዊ የአቅም ጉዳይ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የፍሬን ዘይት መቀየር ግን ከአንድ ጎማ ዋጋ በታች ነው፤ በአሮጌ ዘይት ሰው ጭኖ መውረድን አቅም ማጣት አያጸድቀውም። ባለቤት ይህን ሊያውቅ፣ መካኒክ ሊናገር፣ መርማሪ ሊለካ ይገባል። ተሳፋሪም ከመሳፈሩ በፊት «ፍሬኑ መቼ ታየ?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው፤ ሾፌሩም ቀኑን ጠቅሶ የመመለስ ግዴታ አለበት።